መጻሕፍትን ማናገር
(ስለ አንድ ዓመት የንባብ ዕቅድ ለወጣቶች የቀረበ ትምህርት)

«ማንበብ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁን? በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» ሲባል ግን አናገረ፣ እንዲናገር አደረገ ማለት ይሆናል። እንግዲህ በቃሉ ሥር ያለው ሐሳብ ዝም ያለውን ጽሑፍ ማናገር ነው። መጽሐፍ በሣጥን ተቆልፎ ሳለ ዲዳ ነው፤ አንባቢ ሲገልጠው አንደበት ያገኛል።

ማንበብ ማናገር ከሆነ ዘንድ አንድ ጥያቄ ይከተላል። ይኸውም፣ እኛ የምናናግረው ማንን ነው? ከመንደሩ ሰው ሁሉ አንዱን ብቻ መርጦ፣ ጧትም ማታም ከእርሱ ጋር ብቻ የሚጫወት ሰው መንደሩን አወቀ አይባልም። እንዲሁም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ብዙ ገጽ ቢገልጥም ያናገረው አንድ ሰው ነው። የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጉድለት በአንድ ዓመት ውስጥ ለማቃናት ስለሚረዳ አንድ የንባብ ዕቅድ ይሆናል።

1. የአንድ ወገን ቃል

በአገራችን የፍርድ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ይሟገታሉ፤ ምስክርም ይጠራል። ዳኛው ከሳሽን ብቻ ሰምቶ፣ ተከሳሽን ሳያስጠራ ቢፈርድ «ፍርድ ገመደለ» ተብሎ ይነቀፋል። ከሳሹ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ዳኛው እውነቱን ያገኘው በዕድል እንጂ በምርመራ አይደለም። አንባቢም በየቀኑ በልቡ ችሎት ተቀምጦ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ስለ አንድ ሕዝብ፣ ስለ አንድ ዘመን፣ ስለ አንድ ሰው «እንዲህ ነው» ብሎ ይወስናል። ታዲያ ምስክሩ አንድ ብቻ ከሆነ ፍርዱ ምን ያህል ይታመናል?

ይህ ነገር ቀላል እንዳልሆነ የቅርብ ታሪካችን ያስረዳል። በ1960ዎቹ ዓመታት የነበረው የተማሪ ትውልድ ንባብ አላነሰውም። በየውይይት ክበቡ እየተሰበሰበ የማርክስንና የሌኒንን ሐሳብ በብርቱ አጥንቷል። ኢሕአፓም መኢሶንም የእነዚሁ ሊቃውንት ተከታዮች ነን ይሉ ነበር፤ የሚጠቅሷቸውም መጻሕፍት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበሩ። ሆኖም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን ደም ሲፈስ፣ ከአንድ መደርደሪያ ያነበቡ ወጣቶች በተቃራኒ ወገን ቆመው ተገዳደሉ፤ እጅግ ብዙዎችም በመንግሥት እጅ ጠፉ። ለዚያ ጥፋት ተጠያቂው መጽሐፍ ነው አንልም፤ ጠመንጃ የያዘ እጅ የራሱ ኃላፊነት አለበት። ነገር ግን ከአንድ መደርደሪያ ማንበብ፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ የባልንጀራን ልብ ለመረዳት ብቻውን እንደማያበቃ ከዚህ እንማራለን።

የዛሬው ወጣትም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በእጃችን የያዝነው ስልክ ትናንት የወደድነውን እያየ ዛሬም ያንኑ ያቀርብልናል። የምንሰማው ሁሉ ከእኛ ሐሳብ ጋር ሲስማማ ዓለም ሁሉ ከእኛ ጋር የሆነ ይመስለናል። ስለዚህ ሌላውን ምስክር በፈቃዳችን ተነሥተን ካልጠራነው በራሱ አይመጣም።

2. አንድ ጦርነት፣ አምስት ምስክሮች

የሰፊ ንባብ ጥቅም በምሳሌ ቢገለጥ ይሻላል። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን እንደወረረ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ስለዚህ ጦርነት የጻፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኛ አምስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ያስጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነቱን ያዩት ከዙፋን ስለሆነ፣ ስለ መንግሥት ጉዳይና ስለ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ክርክር በሰፊው ይነግሩናል።

ሁለተኛው የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። እርሳቸው በሽሬ ግንባር የጦር አዛዥ ስለነበሩ ነገሩን የሚያዩት ጦር ይዞ እንደሚያሰልፍ ሰው ነው።

ሦስተኛው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት እኒሁ ሰው በወጣትነታቸው ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ኋላም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ስለዚህ በአንድ ግንባር የነበሩ አዛዥና ወጣት ዘማች ለየራሳቸው የጻፉትን ጎን ለጎን አድርገን ማንበብ እንችላለን ማለት ነው። ይህን ዕድል ሁሉም አገር አያገኘውም።

አራተኛው በራስ ካሣ ጦር ውስጥ የነበረው የቼክ ተወላጅ አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈው ነው። መጽሐፉን ተጫነ ጆብሬ መኮንን ከቼክ ቋንቋ «የሐበሻ ጀብዱ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውታል። እንግዳ ሰው፣ ባለቤቱ ለምዶት የማያየውን ያያል፤ ባለቤቱ የሚያውቀውን ደግሞ ይስተዋል።

አምስተኛዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በጠላት ተይዘው በአዚናራ ደሴት ታስረው የነበሩት እኒህ ሴት «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል። አራቱን ወንዶች ብቻ አንብቦ የሚያቆም ሰው ይህን ድምፅ ሳይሰማው ይቀራል።

እነዚህ አምስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ልባችን ያርፋል። ሳይስማሙ ሲቀሩ «ማን ዋሸ?» ከማለታችን በፊት «እያንዳንዱ የት ቆሞ ነበር?» ብለን እንድንጠይቅ ያስተምሩናል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የለመደ ወጣት በሠፈሩ ወሬ ሲነዛ ለመፍረድ አይቸኩልም።

3. ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ

በአንድ ዓመት ምን ያህል በሰፊው ማንበብ እንደሚቻል ለማየት ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። አን ሞርጋን የምትባል የለንደን ነዋሪ፣ ጸሐፊ፣ አንድ ቀን የመጽሐፍ መደርደሪያዋን ብትመረምር ያገኘችው ከሞላ ጎደል የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰዎች የጻፉትን ብቻ ነበር። ብዙ ታነብ ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የምታናግረው የገዛ ቋንቋዋን ሰዎች ነበር። ስለዚህ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከዓለም አገሮች ሁሉ አንድ አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ወሰነች። ዓመቱ ሲያልቅ 197 መጻሕፍት አንብባ ነበር። ሲካፈል ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ቀን እንኳ አይደርሰውም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኛን የሚያስተምረን መጻሕፍቱን ያገኘችበት መንገድ ነው። ዕቅዷን ለሰዎች በገለጠች ጊዜ ከማታውቃቸው ሰዎች እርዳታ መጣላት። አንዲት የማሌዥያ ሴት በኩዋላ ሉምፑር ከተማ ወደ መጽሐፍ መደብር ሄዳ መጻሕፍት መርጣ ላከችላት። ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ከምትባለው ትንሽ የአፍሪካ ደሴት አገር በእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጽሐፍ ስላልተገኘ፣ ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች አንዱን መጽሐፍ ተከፋፍለው ከፖርቱጋልኛ ተረጎሙላት። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች ገና ዓመት ስላልሞላት፣ የዚያች አገር ደራሲ ጁሊያ ዱዋኒ ታሪክ ጻፈችላት። ከዚህ የምንረዳው ሰፊ ንባብ በአንድ ሰው ጉልበት ብቻ የማይፈጸም መሆኑን ነው። መጽሐፍ ፈላጊ ጎረቤት ያስፈልገዋል።

እኛ 197 መጻሕፍት እናንብብ አንልም። የብዙዎቻችን ኪስም ጊዜም ይህን አይችልም። አሥራ ሁለት ይበቃል፤ አሥራ ሁለቱ ግን ከአሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ወገን የተጠሩ ይሁኑ።

4. አሥራ ሁለቱ ወገኖች

ከዚህ በታች የተዘረዘረው ለምርጫ እንዲረዳ ነው። የተጠቀሱት መጻሕፍት ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ያልተገኘው በሌላ ሊተካ ይችላል። ወገኑ ግን አይዘለል።

1ኛ/ የሕይወት ታሪክ፤ ባለታሪኩ ራሱ የጻፈው። ለምሳሌ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የደረሱት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ።
2ኛ/ ቲያትር፤ እንደ መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ያለ። ቲያትር ጮክ ተብሎ ቢነበብ ይበልጥ ይጣፍጣል።
3ኛ/ ግጥም፤ እንደ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ያለ።
4ኛ/ ከአማርኛ ልብ ወለድ ቀደምት የሆነ፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል።
5ኛ/ የመንገደኛ ማስታወሻ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስለ ጃፓን ጉዟቸው የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1924 ዓ.ም. ታትሟል።
6ኛ/ የጦርነት ትዝታ፤ ከላይ ከጠቀስናቸው አንዱ።
7ኛ/ ስለ ሀብትና ስለ አስተዳደር የተጻፈ፤ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ሥራ፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ንግድ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም አላረጀም።
8ኛ/ ሴት የደረሰችው መጽሐፍ፤ ልብ ወለድም ይሁን ግጥም ወይም ትዝታ።
9ኛ/ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ ነቢይ መኮንን የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ 3000 ገደማ እንደነበረ ይነገራል። መጽሐፍ በእጁ እያለ «ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው ይህን ያስብ።
10ኛ/ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ አንድ ሙያ የሚያስተምር።
11ኛ/ ከአማርኛ ሌላ በአገራችን ቋንቋ የተጻፈ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከሚያውቅ ወዳጁ ጋር ተቀምጦ እያስተረጎመ ጥቂት ምዕራፍ ይስማ። መስማትም ማናገር ነው።
12ኛ/ የማንስማማበት ሰው የጻፈው። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የሚነበበውም ለመሸነፍ ወይም ለመሳደብ አይደለም፤ ባለቤቱ ቢሰማው «አዎን፣ እኔ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ የእርሱን ሐሳብ በትክክል መናገር እንድንችል ነው።

5. የመጽሐፍ ዕቁብ

«መጽሐፍ ውድ ነው፤ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። መልሱን ከእናቶቻችን እናገኛለን። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ የማታገኘውን ገንዘብ በዕቁብ ታገኘዋለች። እኛም የመጽሐፍ ዕቁብ እንግባ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ወጣቶች ይሰበሰቡና አንድ ዳኛና አንድ ጸሐፊ ይመርጣሉ። ከላይ የተዘረዘሩት አሥራ ሁለት ወገኖች በወረቀት ተጽፈው ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ዕጣ የወጣለትን ዓይነት አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ወይም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። መጽሐፉን አንድ ወር ያነበዋል፤ በወሩ መጨረሻ በቀኙ ላለው ሰው ያስተላልፈዋል፤ እርሱም በግራው ካለው ይቀበላል። እንዲህ እየተዞረ ነሐሴ ሲያልቅ እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ አዋጥቶ አሥራ ሁለት አንብቧል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ስድስት ሰው ብቻ ከተገኘ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ያዋጣል።

ለአንዱ መጽሐፍ ከተዋጣው የበለጠ አሳብ የሚጠይቀው አያያዙ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ በጋዜጣ ወይም በካኪ ወረቀት ይሸፈን፤ ገጹ አይታጠፍ፤ በጽሑፉ ላይ አይጻፍበት። የጠፋበት ይተካ። ዕቁብ የሚቆመው በመተማመን ነውና።

ቤተ መጻሕፍት ባለበት ከተማ የምትኖሩ ደግሞ ተጨማሪ ዕድል አላችሁ። በአዲስ አበባ ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ለመግዛት የማይገኘውን አሮጌ መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ቦታ ፈልጉ።

6. የቀን ድርሻና የንባብ ደብተር

የዘመን አቆጣጠራችን ለዚህ ዕቅድ እጅግ ይመቻል። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው። 240 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን 8 ገጽ ቢነበብ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ለአንድ ገጽ አራት ደቂቃ የሚፈጅበት ዝግተኛ አንባቢ እንኳ ድርሻውን በ32 ደቂቃ ይጨርሳል። መጽሐፉ 360 ገጽ ከሆነ ድርሻው 12 ገጽ ይሆናል። አንድ ቀን ያመለጠው በማግሥቱ እጥፍ ለማንበብ አይጨነቅ፤ በሳምንቱ ቀኖች ላይ ያካፍለው። በአንድ ቀን መቶ ገጽ አንብቦ ሃያ ቀን ከሚያርፍ ይልቅ በየቀኑ ስምንት ገጽ የሚያነብ ይደርሳል።

ከዚህም ጋር እያንዳንዱ አንባቢ አንድ ደብተር ይያዝ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አራት ነገር ይጻፍ።

ሀ/ የመጽሐፉና የደራሲው ስም፣ የታተመበትም ዓመት።
ለ/ ደራሲው ነገሩን ያየው የት ቆሞ ነው?
ሐ/ ከዚህ በፊት የማላውቀው ወይም ያልተቀበልሁት ምን ነገር አገኘሁ?
መ/ ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ የተናገረ ማን ነው?

አራተኛው ጥያቄ የሚቀጥለውን ዓመት ንባብ ይወልዳል። አንዱ መጽሐፍ ሌላውን እየጠራ ይሄዳልና።

ጳጉሜን ደግሞ የሒሳብ ቀን ትሁን። በአምስቱ ወይም በስድስቱ ቀን አዲስ መጽሐፍ አይጀመርም። የዕቁቡ ሰዎች ተሰብስበው ደብተራቸውን ያነባሉ፤ እያንዳንዱም በዓመቱ ውስጥ አሳቡን ያስለወጠውን አንድ መጽሐፍ ይናገራል። ምንም አሳብ ያልለወጠ ሰው ቢኖር አይወቀስ፤ ነገር ግን መጻሕፍቱን በእውነት አናግሯቸው እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

7. «በሰፊው ማንበብ ጥልቀትን አያሳጣምን?»

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀድሞው ትምህርታችን አንድ ደቀ መዝሙር አንድን መጽሐፍ ዓመታት ሙሉ ከመምህሩ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ይማር ነበር። ዛሬም እንዲህ የሚማሩ አሉ። ያ ትምህርት የሚያስንቅ አይደለም። ነገር ግን የአንድምታውን አካሄድ እንመልከት። መምህሩ አንዱን ንባብ ይተረጉምና «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። በአንድ ቃል ላይ እንኳ ብዙ ድምፅ እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ የመጀመሪያውን ብቻ ተናግሮ መጽሐፉን አይዘጋም። እንግዲህ ጥልቀትና ስፋት በአባቶቻችን ትምህርት ዘንድ ጠላቶች አልነበሩም። ከአሥራ ሁለቱ መጻሕፍት ልባችሁን የነካውን አንዱን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ብታነቡት፣ አሥራ አንዱን ካያችሁ በኋላ ስለሆነ ከፊተኛው ይልቅ ይገለጥላችኋል።

ውድ ወጣቶች! አዲሱን ዓመት ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ለመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም። በቤታችሁ ያሉትን መጻሕፍት አውጥታችሁ ከአሥራ ሁለቱ ወገኖች የትኞቹ እንዳሉ፣ የትኞቹም እንደጎደሉ ቁጠሩ። የጎደለውን ካወቃችሁ በኋላ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ነበበ» እና «አንበበ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ስለ ንባብ ምን ያስተምረናል?
2. ስለ 1928ቱ ጦርነት ከጻፉት ከአምስቱ ምስክሮች በመጀመሪያ ለማንበብ የምትመርጡት ማንን ነው? ስለ ምን?
3. በዓመቱ ውስጥ ካነበባችሁት ሁሉ ከአሳባችሁ ጋር የማይስማማ መጽሐፍ ነበርን? እስከ መጨረሻው አነበባችሁትን?
4. በሠፈራችሁ ስላለ አንድ ክርክር የሁለቱንም ወገን ቃል፣ ባለቤቶቹ «ትክክል ነው» እስኪሉ ድረስ፣ መናገር ትችላላችሁን? ሞክሩት።
5. የመጽሐፍ ዕቁብ ብታቋቁሙ ዳኛና ጸሐፊ የሚሆኑት እነማን ናቸው? የመጀመሪያው ዕጣስ መቼ ይውጣ?